ከመጨረሻው ጣቢያ ወዲያ

ከቤታችን በር እስከ ባቡሩ ሐዲድ ስልሳ እርምጃ ነበር። በልጅ እርምጃ ቆጥሬዋለሁ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ በድሬዳዋ አነጋገር ሸሚኖ። እናቴ የምሳውን ወጥ ከምድጃ የምታወርደው ሰዓት አይታ ሳይሆን ሊትሪና የምንላትን የመንገደኛ ባቡር ጩኸት ሰምታ ነበር። እኛ የሰፈር ልጆች ደግሞ ከየቡና ቤቱ ደጃፍ ቆርኪ ለቅመን ሐዲዱ ላይ እንደረድርና ግንብ ተከልለን እንጠብቃለን። ባቡሩ እንዳለፈ ስንሮጥ ቆርኪው ተዳምጦ፣ ዳሩ ስል ሆኖ፣ ገና ሙቀቱ ሳይለቀው እናገኘዋለን። መሐሉን በምስማር በስተን፣ ክር አስገብተን እናሾረዋለን፤ እንደ ንብ ይጮሃል።

ይህን አስቀድሜ የማነሳው አምና በጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ምን ፍለጋ ከቤት እንደወጣሁ እንዲገባችሁ ነው። አለዚያ መለዋወጫ ሳይዝ፣ መመለሻውን ሳያስብ፣ በተዋሰው ብስክሌት 72 ኪሎ ሜትር ሊሄድ የተነሣ ሰው ነገሩ አይገባም።

የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ሐበሻ የበዛበት ከተማ ነው፤ እንጀራው፣ በርበሬው፣ ቡናው ሩቅ ሳይኬድ ይገኛል፤ ማኅበሩም ልቅሶውም አይጎድልም። ታክሲ የሚነዳ አንድ ጓደኛ አለኝ። የደሴ ልጅ ስለሆነ ባቡር ብዬ ስጀምር ቶሎ ይሰለቸዋል። ግን እሱው ራሱ ነው፣ አንድ ቀን ሸርሊንግተን የሚባል ሰፈር አጠገብ ቆመን ቡና ስንጠጣ፣ በብስክሌት የሚተላለፉትን ሰዎች አሳይቶኝ፣ "ይኸውልህ የምትወደው ነገር! ይሄ እኮ የባቡር መንገድ ነበረ፤ ሐዲዱን ነቅለው አስፋልት አለበሱት" ያለኝ።

"ወዴት ይሄዳል?"

"ወደ ገጠር። ፐርስልቪል ወደምትባል ትንሽ ከተማ። ሩቅ ነው፤ ተወው።"

እንዴት ተደርጎ ይተዋል?

የዚያን ዕለት ሌሊት ስለ መስመሩ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። የባቡሩ የመጨረሻ ስም ዋሽንግተን ኤንድ ኦልድ ዶሚኒየን ነው። ሥራው የተጀመረው በ1850ዎቹ ሲሆን መነሻውም ይኸው እኔ የምኖርበት አሌክሳንድሪያ ነበር። ዓላማው ብሉ ሪጅ የሚባለውን ተራራ ተሻግሮ በሃምፕሻየር አውራጃ ያለውን የድንጋይ ከሰል ማውረድ ነው። በ1860 ሊስበርግ ደረሰ። በማግሥቱ ዓመት የርስ በርሱ ጦርነት መጣና ብዙው ነገር ፈረሰ። በ1874 ፐርስልቪል፣ በ1900 ደግሞ ብሉሞንት የምትባል የተራራ ሥር መንደር ገባ። እዚያ ላይ ቆመ። ከሰሉ ዘንድ አንድም ቀን ሳይደርስ፣ ተራራውን ሳይሻገር፣ ወተትና እህል፣ በበጋም ከዋሽንግተን ሙቀት የሚሸሹ ሰዎችን ሲያመላልስ ኖረ። በ1951 መንገደኛ መጫን ተወ፤ በ1968 ጭራሽ ተዘጋ።

የእኛው ከዚህ የተሻለ ዕድል ነበረው፤ ያሰበበት ደርሷል። በ1897 ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ በ1902 ድሬዳዋ ገብቶ፣ በ1917 አዲስ አበባ። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ሰዓቱን ግን በእኛው።) ድሬዳዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልቻለ ሜዳው ላይ ቀረ፤ ከተማዋም በዙሪያው ተወለደች። አባቴ ይህን ሲያስረዳኝ "ባቡር ሽቅብ አይወድም" ይል ነበር። "ብረት በብረት ላይ ነው የሚሄደው፤ ዳገቱ ትንሽ ከጠና ይንሸራተታል። ስለዚህ መሐንዲሱ ተራራውን እየዞረ፣ ጉብታውን እየቆረጠ፣ ሸለቆውን እየሞላ፣ ዳገቱን በብዙ ኪሎ ሜትር ላይ ያከፋፍለዋል።" ልጅ ሆኜ በቃሌ ይዤው ነበር፤ በእግሬ የገባኝ ግን ቨርጂኒያ ነው።

ብስክሌቱን የተዋስኩት ከዚሁ ከጓደኛዬ ልጅ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ሸርሊንግተን፣ ዜሮ ማይል ከሚለው ምልክት ተነሣሁ። በጀርባዬ ሁለት ዳቦ፣ በጠርሙስ የተበጠበጠ በሶ፣ አንድ ሹራብ። ፓምፕ የለም፤ ማስቲሽ የለም።

የመጀመሪያው ሰዓት ደስታ ነበር። አየሩ ቀዝቀዝ ያለ፣ ቅጠሉ ገና መቅላት የጀመረ። መንገዱ በየግማሽ ማይሉ ምልክት ተተክሎበታል። እኔ ግን በየምልክቱ የአገሬን ጣቢያ እሰይምበት ነበር። ከድሬ ወደ አዲስ አበባ ያሉትን ትልልቆቹን ጣቢያዎች አባቴ እንደ ዳዊት ነው ያስጠናኝ፤ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አዋሽ፣ መተሐራ፣ ወለንጪቲ፣ ናዝሬት፣ ሞጆ፣ ደብረ ዘይት፣ ዱከም፣ አቃቂ። ፎልስ ቸርች ኤረር ሆነች። ይህችን ከተማ ለብቻዋ ማመስገን አለብኝ። ባቡሩ ከተዘጋ በኋላ አብዛኛውን መሬት የገዛው የኤሌክትሪክ ኩባንያ ነበር፤ እስከ ዛሬ በመንገዱ ራስ ላይ ትልልቅ የመብራት ምሰሶዎች አብረው ይጓዛሉ። በ1974 የአካባቢው የመናፈሻ ባለሥልጣን ከፎልስ ቸርች ትንሽ ቁራጭ ተከራይቶ ለሙከራ መንገድ አደረጋት። ሰው ወደዳት። ከዚያ በኋላ መሬቱ በየደረጃው እየተገዛ፣ አስፋልቱ እየተቀጠለ፣ በ1988 ፐርስልቪል ደረሰ። አንድ ቁራጭ ተሞክሮ ነው ይህ ሁሉ የመጣው።

ቪየና ላይ የቆመ ቀይ ፉርጎ አገኘሁና ወርጄ በእጄ ዳበስኩት። በዚህች ከተማ በሰኔ 1861 ወታደር የጫነ ባቡር ደፈጣ ላይ ወድቆ በመድፍ ተመትቷል። ሕፃናት ፉርጎው ሥር ይጫወታሉ። እኔም ጥቂት ቆምኩ፤ የፉርጎ ብረት ጠዋት ጠዋት የሚሰጠውን ቅዝቃዜ እጄ አልረሳውም ነበር።

ሬስተንና ሄርንደንን በፍጥነት አለፍኩ። አሽበርን ላይ መስኮት የሌላቸው ግዙፍ ሕንፃዎች ተደርድረዋል፤ የዓለም የኢንተርኔት መረጃ የሚከማችባቸው ናቸው። ስለ እነሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ከጉስ ክሪክ ወንዝ ድልድይ በኋላ ነው ገጠሩ የሚጀምረውና ልቤ ወደዚያ ነበር። ሊስበርግ 7 ሰዓት ላይ ደረስኩ። ዳቦዬን በላሁ። እግሬ ይንቀጠቀጣል፤ ግን የቀረኝ 11 ማይል ገደማ ብቻ ስለሆነ ሳላርፍ ተነሣሁ። ይህ የመጀመሪያው ጥፋቴ ነው።

ከሊስበርግ ወዲያ መንገዱ ሽቅብ ነው፤ ዓይን ግን አያየውም። ሜዳ ይመስላል። እግር ብቻ ነው የሚያውቀው። አንድ ተራ የመኪና መንገድ ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ አስወጥቶህ ወዲያው ቁልቁል ይለቅሃል። የባቡር ዳገት ግን እንደ ጾም ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ሳያቋርጥ፣ ቀኑን ሙሉ ይይዝሃል። አባቴ "ያከፋፍለዋል" ያለው ይህን ነበር። ጉብታው በግራና በቀኝ ተቆርጦ ግድግዳ ሆኗል፤ ቀጥሎ ደግሞ ሸለቆው ተሞልቶ እኔ ከዛፎቹ አናት እኩል እሄዳለሁ። ይህን ሁሉ አፈር በአካፋና በዶማ፣ በበቅሎ ጋሪ ያንቀሳቀሱ ሰዎች ነበሩ። ስማቸውን የያዘ ሰሌዳ ፈለግኩ፤ አላየሁም። እኛም ጋ በዚያ በረሃ ድንጋይ የተሸከሙት ሰዎች ስም የት ይገኛል?

ሁለተኛው ጥፋቴ ከአስፋልቱ መውረዴ ነው። ከዋናው መንገድ ጎን ለፈረስ ጋላቢዎች የተተወ የጠጠር መንገድ አብሮ ይሄዳል። ጥላ ያለው እሱ መሰለኝና ገባሁበት። ሩብ ሰዓት ሳልሄድ የኋላው ጎማ ፉስ አለ። ወርጄ አየሁት፤ የጣቴን ግማሽ የሚያህል እሾህ ተሰክቶበታል። ስነቅለው የቀረችው ትንፋሽ ወጣች።

ድሬ ቢሆን በየመንገዱ ጥግ ጎሚስታ አለ። እዚህ ዛፍና ዝምታ ነው። ብስክሌቱን እየገፋሁ ወደ አስፋልቱ ተመለስኩና በእግሬ ቀጠልኩ። ያልፉኝ የነበሩ ሁለት ሰዎች ቆመው ሊረዱኝ ሞከሩ፤ የያዙት ከመነዳሪ ለእኔ ጎማ አልሆነም፤ አዝነው ሄዱ። ሰማዩ በምዕራብ በኩል ጠቆረ። ጥቂት ቆይቶ ዝናቡ ወረደ፤ እንደ ሐምሌ ዝናብ፣ ጠብታው የሚያም። ሹራቤን በራሴ ላይ አድርጌ ሮጥኩ፤ ብስክሌት እየገፉ መሮጥ ከተባለ። ያስጣለኝ ክላርክስ ጋፕ ላይ ያለው የድንጋይ ቅስት ድልድይ ነው። ከላይ ሌላ መንገድ ተሸክሞ፣ ከሥር ለባቡሩ በር የከፈተ፣ በባቡሩ ዘመን የተሠራ ግንብ። ስፍራው የዛሬው የብስክሌት መንገድ ሁሉ ከፍተኛው ነው። እኔ ግን ይህን የተረዳሁት በከፍታው ሳይሆን እግሬ በመጨረሻ በማረፉ ነው።

ከቅስቱ ሥር ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ቆምኩ። ድንጋዮቹ አንዱ ባንዱ ላይ እንዴት እንደተቆላለፉ ለማየት ጊዜ ነበረኝ። በሶዬን ጠጣሁ። በእውነት እላችኋለሁ፣ በዚያ ሁሉ ብርድ ውስጥ ደስ ብሎኝ ነበር። የተሠራበት ባቡር ከጠፋ ግማሽ መቶ ዓመት አልፎት፣ ያ ግንብ ከዝናብ አዳነኝ።

ዝናቡ ሲያባራ እየገፋሁ ፒዮኒያን ስፕሪንግስ የምትባል ትንሽ መንደር ደረስኩ። በባቡሩ ዘመን ሰው ለምንጭ ውኃዋ ሲል የሚመጣባት ነበረች፤ አሁን ጥቂት ቤቶች ናቸው። ከአንዱ ቤት ጓሮ አንድ ሽማግሌ ቅጠል ሲጠርጉ አዩኝና መጥረጊያውን አቁመው፣

"ከየት ነው የምትገፋው?" አሉኝ።

"ከሸርሊንግተን መጣሁ። የገፋሁት ግን ከዳገቱ ጀምሮ ነው።"

"ና ግባ፣ ልጄ።"

ጋራዣቸው ውስጥ ብስክሌቱን ገለበጡት። ከመነዳሪውን አውጥተው ነፉት፤ ባልዲ ውኃ ውስጥ ነክረው አረፋው የሚወጣበትን ቀዳዳ በአውራ ጣታቸው ያዙ። ድሬ ያለው ጎሚስታ የሚያደርገውን ነበር፤ እጃቸውን ብቻ ብታይ የየት አገር ሰው እንደሆኑ አትለይም። አድርቀው፣ በአሸዋ ወረቀት ፍቀው፣ ለጠፉት። እኔም ሥራቸውን እያየሁ ስለ አባቴ፣ ስለ ሐዲዱ፣ ስለ ቆርኪው አወራኋቸው። ቆርኪው ጋ ስደርስ ሥራቸውን አቆሙ። ምንም ሳይናገሩ ወደ ቤት ገብተው ተመለሱና አንድ ነገር መዳፌ ላይ አስቀመጡ። የተዳመጠ ሳንቲም ነበር። ጽሑፉ ጠፍቶ፣ እንደ ቅጠል ስስ ሆኖ፣ ዳሩ ስል።

"ከዚህ ከጓሮዬ ነው። ያኔ የዕቃ ባቡር ብቻ ነበር የሚያልፈው። እናቴ ገንዘብ ታበላሻለህ እያለች ትቆጣኝ ነበር" አሉ።

የሰባት ዓመት ልጅ የሆንኩ መሰለኝ። መልሼ ልሰጣቸው ስል ጥቂት ያዝኩት፤ መመለሱ ከብዶኝ ነበር።

ባቡሩ ሲዘጋ የሆነውንም ነገሩኝ። አባታቸው መንገዱን ከተቃወሙት አንዱ ነበሩ። ከጓሯችን የማናውቀው ሰው ይመላለሳል፣ ሌባ ይመጣል ብለው ፈርተው ነበር። ሌሎች ደግሞ መሬቱ ለየአጎራባቹ ይከፋፈል ይሉ ነበር። "አባቴ ሳይሞት በየማለዳው እዚሁ ላይ ይራመድ ነበር" አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ሊሸኙኝ ሲወጡ ግን አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ፤ "ፐርስልቪል ላይ ቁም። ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም።"

"ባቡሩ ግን ብሉሞንት ይሄድ አልነበረም?"

"እሱ እኔ ሳልወለድ ነው የተነቀለው። መሬቱ ተበትኗል።"

ሐሚልተንን አልፌ ፐርስልቪል ስገባ 11 ሰዓት ሆኗል። ከተማዋ እንደተባለችው ትንሽ ናት። የድሮ ወፍጮ ቤት፣ ጥቂት ሱቆች፣ የጡብ ቤቶች፣ ከጀርባቸው እርሻና ከብት፣ ከሁሉም ጀርባ ሰማያዊው ተራራ። በ1904 የተሠራው የእንጨት ጣቢያ ተጠግኖ ቆሟል፤ ጣሪያው እንደ ባርኔጣ ወደ ውጭ ተዘርግቶ መንገደኛ ያስጠልላል። ጣቢያ ማለት ይኸው ነው። አገሩ ሁሉ ቢለያይ ሰውን ከፀሐይና ከዝናብ የሚከልል ሰፊ ጣሪያ፣ ሰዓት፣ ወንበር። ከጣሪያው ሥር ቁጭ ብዬ እግሬን ዘረጋሁ። አስፋልቱ እዚያው ጎኔ ላይ ያልቃል።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ምክር ሰምቻለሁ፣ ፀሐይ አዘቅዝቃለች፣ ስልኬ ባትሪው እያለቀ ነው። ግን ከፊቴ ያ ተራራ ነበር፤ ባቡሩ ከሥሩ ደርሶ በዘመኑ ሁሉ ያልተሻገረው። አባቴ ዕድሜውን በሙሉ በአንድ መስመር ላይ ሠርቶ ጣቢያ ሳይጎበኝ የቀረ አይመስለኝም። ልጁ ጥቂት ማይል ሲቀረው እንዴት ይመለሳል?

በመኪና መንገዱ ዳር ወደ ምዕራብ ሄድኩ። ቀስ በቀስ የድሮውን መስመር መለየት ጀመርኩ። ዓይን ከለመደው ይታያል፤ ሜዳው መሐል ያለ ምክንያት ቀጥ ያለ የዛፍ ረድፍ፣ የመሬት እብጠት፣ እንደ ጠባሳ። እሱን ተከትዬ ከመንገድ ወጣሁ። ጥቂት ሄጄ ሽቦ አጥር ገጠመኝ። ዞርኩት። እብጠቱ ከወዲያ ማዶ ቀጠለ፤ ከዚያ ታረሰ፤ ከዚያ አንድ ቤት መኪና ማቆሚያ ሥር ገባ። እንደገና ፈለግኩት። ሌላ አጥር። ሲመሽ የማይታይ ቦይ ውስጥ ከነብስክሌቱ ወደቅኩ። ጉልበቴ ተላጠ፤ የፊቱ ቸርኬ ተጣመመ፤ ስነሣ ውሻ ይጮሃል፤ ከውሻው ኋላ የእጅ ባትሪ ይዞ የሚመጣ ሰው አለ።

"የሰው መሬት ላይ ነህ!"

እጄን ከፍ አድርጌ ቆምኩ። በዚህ አገር ጥቁር ሰው ሆኖ በማታ የሰው ግቢ ውስጥ መገኘት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ልቤ ጉሮሮዬ ውስጥ ነበር። "ይቅርታ፣ የባቡሩን መንገድ እየተከተልኩ ነው" አልኩ። ከሁሉ የማይታመን መልስ እውነቱ ነበር። ሰውየው ባትሪውን ከፊቴ ወደ ተጣመመው ጎማ፣ ከጎማው ወደ ደማው ጉልበቴ አወረደ። ውሻውን ዝም አሰኘው። "ባቡር ከሄደ ቆየ" አለኝ፤ ድምፁ ረጋ ብሎ ነበር። እስከ አስፋልቱ ድረስ በባትሪው እያበራልኝ ሸኘኝ፤ ውኃም ሰጠኝ። መሬቱን ሲገዛ የሐዲድ መሬት እንዳለበት ያውቅ እንደሆነ መጠየቅ አማረኝ፤ ጊዜው አልነበረም።

ስልኬ 4 ከመቶ ቀርቶት ለጓደኛዬ ደወልኩ። የቅዳሜ ማታ ለታክሲ ነጂ የሳምንቱ እንጀራ ነው። "የት ነህ?" ብቻ አለኝ፤ ነገርኩት፤ ስልኬ ጠፋ። ፐርስልቪል ጣቢያ ድረስ ብስክሌቱን ተሸክሜ ተመለስኩና በጨለማ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት። ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲል መብራቱ መጣ። ባለቤቱ ፍርፍር በሳህን አስራ ልካለች። እየበላሁ አለቀስኩ፤ ከብርዱም ከድካሙም ይሆናል።

መኪና ውስጥ ስንገባ ተቆጣ። የሚገባው ቁጣ ነው። ቁጣው ሲበርድለት ግን ጠየቀኝ፤ "ለመሆኑ ምን አገኘህ?"

ያገኘሁትን ነገርኩት። ከሸርሊንግተን እስከ ፐርስልቪል ያለው መሬት ስፋቱ 30 ሜትር ገደማ፣ ርዝመቱ 45 ማይል ሆኖ ሳይቆራረጥ ስለቆየ ነው ዛሬ ሕፃንና ሽማግሌ የሚሄድበት። ከዚያ እስከ ብሉሞንት ያለው ግን በ1939 ተዘግቶ ተበተነ። ጥቂት ማይል ብቻ ነው፤ ግን መልሶ መግጠም አይቻልም፤ ቤት ተሠርቶበታል፣ ታርሷል፣ ታጥሯል። አሜሪካኖቹ ጉዳዩ ስለገባቸው በ1983 ሕግ አውጥተዋል። ባቡር የተወው መስመር ድንገት ባቡሩ ቢመለስ ተብሎ መሬቱ ሳይበተን በእግረኛ መንገድነት እንዲቆይ የሚፈቅድ ሕግ። እኛ ደግሞ ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር አሮጌ መስመር አለን። አዲሱ ባቡር በ2016 ሲመረቅ አሮጌው በአብዛኛው ዝም ካለ ዓመታት አልፈውት ነበር። ሐዲዱ ይነቀል አይነቀል ሌላ ነገር ነው፤ መሬቱ ግን ከተበተነ፣ በየከተማው ቁራጭ ቁራጭ ከተሸነሸነ፣ ማንም ንጉሥ አይመልሰውም።

"አገር ቤት ስንት መከራ እያለ አንተ የብስክሌት መንገድ?" አለኝ።

"ብስክሌቱን ተወው። ከገበያ እንጨት ተሸክማ የምትመለስ ሴት መኪና እንዳይገጫት በየት ትሂድ? ተማሪው በየት ይሂድ? ዳገቱ ተከፋፍሎ፣ ድልድዩ ተሠርቶ የተቀመጠ መንገድ ነው። ሌላ ማን ይሠራልናል?"

ዝም አለ። ከዚያ "ለድሬ ልጅ ብቻ ነው እንዲህ የሚታየው" አለኝና የመኪናውን ማሞቂያ ከፍ አደረገልኝ።

ስልኬን በመኪናው ቻርጅ አድርጌ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ድሬ ደወልኩ። እዚያ እሑድ ንጋት፣ 11 ሰዓት ሌሊት ነው፤ አባቴ ለቅዳሴ ሲወጣ አውቃለሁ። ነገሩን ሁሉ አወራሁት። ስለ መውደቄ አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ ስለ ዳገቱ ነው፤ ስለ ቅስቱ፤ ሐዲዱ አንድ ሜትር ይሁን ሰፊው። ሰፊው እንደነበረ ስነግረው "እህ" አለ፤ እኛ ጋ አንድ ሜትር መሆኑ ዛሬም የሚቆጨው ይመስለኛል። ስለ ሽማግሌው ሳንቲም ስነግረው ግን ሳቀ። "ቆርኪ ስታስቀምጡ አናይ መስሏችሁ ነበር?" አለኝ።

ከዚያ ትንፋሹ ትንሽ ጠንከር አለ። በስልኩ ውስጥ ጠጠር ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል።

"አባባ፣ የት ነህ አሁን?"

"ሐዲዱ ላይ ነኛ። ቤተ ክርስቲያን በየት ልሂድ? አስፋልቱ ላይ ባጃጅ ያስቸግራል፤ ሁልጊዜም በዚህ ነው የምሄደው። ዛሬ ሦስት ሴቶችም ከፊቴ አሉ፣ ነጠላቸው ይታየኛል። አሁን ልዝጋው፤ አግዳሚ ብረቶቹ ርቀታቸው እኩል አይደለም፤ ሳላይ እንዳልረግጥ።"